መልስ፦ ለሐሞት ጠጠር አልትራሳውንድ ቁርስ በልቼ ልሂድ?

እህቴ፣ «ነገ ጠዋት የሆድ አልትራሳውንድ ታዞልኛል፤ ቁርስ በልቼ ልሂድ? ያማል? ጨረርስ አለው?» ላልሽው፣ ቁርሱን ተዪው። ምግብ፣ በተለይ ቅባት ያለው፣ ሆድ ሲገባ ሐሞት ከረጢት ይኮማተራል፤ ያኔ ጠጠር ቢኖርም አጥርቶ ማየት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ ከምርመራው በፊት ለ6–8 ሰዓታት ያህል መጾም ያስፈልጋል። ማኪያቶም ቁርስ ነው! እኔ «ቡና እኮ ናት» ብዬ ጠጥቼ ሄጄ ለሌላ ቀን ቀጥረው መልሰውኛል። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ስለ ጾሙ አስቀድመሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ጨረር የለውም፤ እንደ ራጅ አይደለም። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ተልኮ ሲመለስ ነው ምስሉ የሚሠራው። ሕመምም የለውም፤ የሚያስደነግጥሽ ሆድሽ ላይ የሚቀቡሽ ዝልግልግ ጄል ቅዝቃዜ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ጫን እያደረገ «ትንፋሽ ሳቢ፣ ያዢው» ይልሻል፤ ጉበቱና ሐሞት ከረጢቱ ወደ ታች ወረድ እንዲሉለት ነው። በግራ ጎንሽ ተኚ ቢልሽም አትደንግጪ፤ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ስትገላበጪ ይንከባለላል፣ በዚያ ይለዩታል። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ከቀሚስ ይልቅ ሸሚዝና ሱሪ ይሻልሻል፤ ሶፍትም ያዢ፣ ጄሉ ያጣብቃል።

ጎረቤትሽ «ሽንትሽን ቋጥረሽ ሂጂ» ያለችሽ ለማህፀንና ለፊኛ የሚታዘዘውን ነው። አንቺን ካላዘዙሽ በከንቱ አትሰቃዪ።