መልስ፦ መጀመሪያ የአራጣውን ዝጋ

ካሉብህ ሦስት ዕዳዎች፣ ከአክስትህ፣ ከዕቁቡና ከአራጣው የትኛውን መክፈል ላስቀድም ላልከው፣ የአራጣውን አስቀድም። የአክስትህ 15 ሺህ ብር አይወልድም። የአራጣው 20 ሺህ ግን በወር 10 በመቶ ስለሚታሰብበት በየወሩ 2 ሺህ ብር ትገፈግፋለህ፤ ዋናው ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

መሐል ሜዳ ቤተሰብ ጋ ያሉህን ሁለት ሙክቶች ሽጥ። የመንዝ በግ ለፋሲካ ደህና ዋጋ እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ በዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ከቀረው ታገስ። ከወር በላይ ከሆነ ግን አትጠብቅ፣ ወለዱ ትርፉን ይበላዋል።

አክስትህ ጋ ደብረ ሲና ድረስ በአካል ሂድ፤ በስልክ አይሆንም። የምትከፍልበትን ወር ቁርጥ አድርገህ ንገራት። ዕቁቡን እንዳታቋርጥ፤ ዕጣህን ስለወሰድክ ብታቆም የሚያዙት ዋሶችህ ናቸው። አራጣውን ለመክፈል ሌላ ዕቁብ እገባለሁ ያልከውንም ተወው፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልህ አታውቅም።

አንድ ነገር አደራ። ደብረ ብርሃን ሰፈራችን ውስጥ አራጣውን ከፍሎ የፈረመበትን ወረቀት ሳይቀበል የቀረ ልጅ ነበር፤ ቆይቶ በዚያው ወረቀት ተከሰሰ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ወለዱ ተደምሮበት ነው፣ ያንተንም አንብበው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ አበዳሪው ካስቸገረህ ሳትፈራ የሕግ ባለሙያ አማክር። ስትከፍል ሁለት ምስክር ይዘህ ሂድ፣ ዋናውን ወረቀት ሳትቀበል ብሩን አትስጥ።