አሳማዎቹ መስኩን አረሱት

«ቨርጂኒያ ትንሽ መሬት ገዝቼ አራት አሳማ ለቀቅሁበት። በሁለት ሳምንት ሣሩ ጠፍቶ የታረሰ ማሳ መሰለ። ምን ነክቷቸው ነው?»

ምንም አልነካቸውም። አሳማ ሥርና ትል ፍለጋ በአፍንጫው አፈር ይገለብጣል፣ ሥራው ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ አቆይተዋቸዋል። መሬቱን አራት አምስት ቦታ ይክፈሉና ያዘዋውሯቸው። ቀን አይቁጠሩ፤ መሬቱን ይዩ። በሣሩ መሃል አፈር ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ያንሷቸው። ዝናብ ከጣለማ ቶሎ ነው፤ እርጥብ መሬት በአንድ ቀን ጭቃ ይሆናል። ድንች ሊተክሉበት ያሰቡት ቦታ ካለ ግን እዚያው ይተዉላቸው፣ ነፃ ትራክተር አገኙ ማለት ነው። አፍንጫቸው ላይ ቀለበት የሚያደርጉ አሉ። ቁፋሮው ይቀንሳል፤ እኔ ግን አልወደውም። ማዘዋወሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ግልገሎችን ትልልቆቹ የከረሙበት ቦታ ላይ አይልቀቁ።

«አጥሩስ?»

ሁለት መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል፤ አንዱ ከመሬት 20፣ ሌላው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ። መጀመሪያ ጠንካራ በረት ውስጥ ሽቦውን ያስተዋውቋቸው። ያልለመደ አሳማ ሲነዝረው ወደ ኋላ አይልም፣ ጥሶ ይሮጣል። የታችኛውን ሽቦ በየቀኑ ይዩት፤ ቆፍረው አፈር ከከመሩበት ኃይሉ ይሞታል።

«ሣር ከበላ መኖ ለምን እገዛለሁ?»

አሳማ ላም አይደለም፤ ጨጓራው አንድ ነው። እርጉዝ አሳማ ከግጦሽ ጥሩ ትጠቀማለች። በማደግ ላይ ያለው ግን በቆሎውን፣ አኩሪ አተሩን ወይም ፋጉሎውን ይፈልጋል። «ጫካ ውስጥ የሚሰማሩት የስፔን አሳማዎችስ?» እንዳትሉኝ። ስፔኖቹም ቢሆኑ ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ወደሚረግፍበት ጫካ የሚለቋቸው ለማድለብ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው።

«ቢሾፍቱ ነኝ። ከሆቴል ትራፊ በነፃ አገኛለሁ። ችግር አለው?»

አለው። የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ የሚባለው በሽታ በትራፊ ሥጋ ይተላለፋል። ሰውን አይዝም፤ በረቱን ግን ባዶ ያስቀራል። መድኃኒት የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበውም እዚሁ ጎረቤት ኬንያ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የአሳማ ሥጋ የነካው ትራፊ ጭራሽ ይቅር። ሌላውን፣ አሜሪካኖቹ በሕግ እንደሚያስገድዱት፣ 30 ደቂቃ ሙሉ ያፍሉት። ማገዶው ሲደመር ነፃ ነው ወይ የሚለውን ራስዎ ያስሉት።

«ነጭ አሳማዬ ጀርባው ተላጠ።»

ፀሐይ ነው። ጥላና ጭቃ ያዘጋጁለት። አሳማ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ጭቃው ቅንጦት አይደለም።

«እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። አሳማ እንደማረባ አታውቅም።»

መደበቁን ይተዉት፤ ነፋሱ ይነግራቸዋል። አውሮፕላን ሳይሳፈሩ በስልክ ይንገሯቸው። ሲደርሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሳዩዋቸው አሳማውን ሳይሆን ለብቻ የተቀመጠላቸውን ድስት ይሁን።