ቆርቆሮውን ከማለፍህ በፊት

ከአዳማ የጻፍክልኝ የሦስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ተጀምረው የቆሙ ፎቆችንና አገልግሎት ያቆሙ አሮጌ ቤቶችን ከጓደኞችህ ጋር እየገባህ እንደምትቀርጽ፣ ቪዲዮዎቹ በቲክቶክ ብዙ ተመልካች እንዳገኙልህ፣ በቅርቡ ግን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይዟችሁ ፖሊስ ሊጠራ እንደነበር ገልጸህ፣ ይህን መተዳደሪያ ማድረግ ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። እንድመልስልህ ያነሣሣኝ «ሕንፃው የተተወ ስለሆነ ማንንም አልበደልኩም» ማለትህ ነው።

የተተወ መስሎ የታየህ ፎቅ ባለቤቱ ገንዘብ ያለቀበት፣ ባንክ በመያዣነት የያዘው፣ ወራሾች የሚከራከሩበት ወይም ፍርድ ቤት እግድ የጣለበት ሊሆን ይችላል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ንብረት እንኳ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም ባለቤት አልባ አልሆነም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 604 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን፣ ከባለይዞታው ፈቃድ ውጭ የሰው ቤት ወይም የተከለለ ቦታ መግባትን ያስቀጣል። በሩ አለመቆለፉ እንደ ፈቃድ አይቆጠርልህም፤ ቆርቆሮውን ራስህ ከገነጠልክ ደግሞ የሰው ንብረት ማበላሸት ይጨመርብሃል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ ሕንፃዎች ፌሮና የኤሌክትሪክ ገመድ ይሰረቃል። አንተ በወጣህ ማግስት ዕቃ ቢጠፋ፣ ፊትህን፣ ቀኑንና የገባህበትን ቀዳዳ የሚያሳየውን ማስረጃ ለመርማሪው በገዛ እጅህ አሰራጭተህለታል። ብትያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ ሕገ መንግሥታዊ መብት አለህ፤ ይህ ግን ከተጠርጣሪነት አያወጣህም።

እንደጻፍክልኝ አጎትህ «ፖሊስ ጣቢያ የምናውቀው ሰው አለ፣ እናስወጣሃለን» ማለታቸው ምክር ሳይሆን ማታለያ ነው። ነገ ቀጣሪ ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ በአሻራህ ሲጠይቅህ፣ የአጎትህ ወዳጅ ተዛውሮ ወይም ጡረታ ወጥቶ ይሆናል። ሊያበድሩህ ያሰቡትንም የድሮን ገንዘብ አትቀበል፤ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል።

የከለከለህን የጥበቃ ሠራተኛም እንደ ጠላት አትየው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያላሰበው አደጋ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው፤ ስለዚህ መወጣጫው ተሰብሮ ብትወድቅ ዕዳው የጥበቃ ሠራተኛውን ወደቀጠረው ባለቤት ሊዞር ይችላል።

መተዳደሪያ ይሆናል ወይ ላልከው፣ ቪዲዮው በራሱ አይመስለኝም፤ ሕንፃውን የማንበብ ችሎታህ ግን ይሆናል። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የቆሙ ግንባታዎችን የምመረምር ባለሙያ ነበርኩ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መሥመር አስምሮ ቀን መጻፍና ተመልሶ መጨመሩን ማየት፣ ከኮንክሪቱ የወጣውን ፌሮ ዝገት መመዝገብ፣ የውኃ ስርገቱን ከየት እንደመጣ መከተል የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ የቆመ ግንባታ ለመቀጠል የሚያስብ ባለሀብትም፣ መያዣ የሚያስገምት ባንክም ይህን ይፈልጋል። እናትህ «ባንክ ግባ» ያሉህንም በዚህ በር ልታሟላው ትችላለህ፤ ገንዘብ ቆጣሪነቱን ግን ካልወደድከው አትግባበት። ትምህርትህን ስለ ማቋረጥ የጻፍከውን እንዳላነበብኩ ቁጠረው።

በዚህ ሴሚስተር አንድ ሕንፃ ብቻ ምረጥ፤ ባለቤቱን በቀበሌው ወይም በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ በኩል አጠያይቅ። ከትምህርት ክፍልህ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ አጽፍ፤ የሚገቡት ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚቀረጸው ነገር፣ ቪዲዮውም ያለ ባለቤቱ ስምምነት እንደማይለጠፍ ይገለጽበት። ባለቤቱ ከፈረመበት በኋላ አንዱን ቅጂ ለጥበቃ ሠራተኛው ስጠው፤ ሌላው ከሄልሜትህ ጋር አብሮህ ይግባ። እስከዚያው ድረስ ያለፈቃድ የቀረጽካቸውን ከገጽህ አንሣ፤ የጥበቃ ሠራተኛው የያዘህ ቀን ነገርም ካልተዘጋ፣ ምንም ቃል ከመስጠትህ በፊት ጠበቃ አማክር።