አዲሱ ጠመንጃ ሁለት ቦታ ሲመታ

ጥያቄው የመጣው ከኮሎራዶ ነው። አንድ ወንድማችን ለዒላማ ተኩስ የሚሆን አዲስ ጠመንጃ ገዝቷል። ቼክ ሠራሽ፣ ባለ ቦልት (ለየጥይቱ መዝጊያው በእጅ የሚሳብ)፣ .22 ኤል አር የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ፣ ባረሉ (ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ) ወፈር ያለ። ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ይዞት ወጣ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ በ50 ያርድ የተኮስኳቸው አሥር ጥይቶች አንድ ሳንቲም ይሸፍናቸዋል» ይላል። «ቃታው ሲነኩት ይሄዳል። ቦልቱ ገና አዲስ ስለሆነ ትንሽ ይይዛል እንጂ ወድጄዋለሁ። ሠላሳ ጥይት ካለፈ በኋላ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዴ መሀል አንዴ ግራ ወደ ታች መምታት ጀመረ። ስኮፑን፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ባስተካክለው ባስተካክለው እምቢ አለኝ። ጥይት ቀየርኩ፣ ባሰበት። ስኮፑ ደህና ዕቃ ነው፣ ከአጋዘን ማደኛዬ ላይ ያወረድኩት ነው። ጓደኛዬ ባረሉ ጠማማ ነው መልሰው ይለኛል። ልመልሰው?» የወረቀቱንና የጠመንጃውን ፎቶም አያይዞልኛል።

ለጊዜው አትመልሰው። ጠማማ ባረል አሥር ጥይት አንድ ሳንቲም ውስጥ አስገብቶ ሠላሳ አንደኛው ላይ አይጠምም። ከተበላሸ ከጠዋቱ ነው የሚበላሸው።

ፎቶውን መላክህ ጥሩ አደረግክ። ሰው ወደ እኔ የጥገና ጠረጴዛ ሲመጣ ጠመንጃውን አሳምሮ ወልውሎ፣ ቦርሳ ውስጥ አስተኝቶ ያመጣል፣ ወረቀቱን ግን ሜዳው ላይ ቅርጫት ውስጥ ጥሎት ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀቱን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ተኳሹ የረሳውን ሁሉ ወረቀቱ ይዞ ይቆያል። ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ክር ከተዘረጉ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱ ወጥ ያልሆነ ጥይት ነው፣ ወይም ትንፋሽህ። ወደ ጎን ከሄዱ ነፋስ ወይም ጣት። እንደ ጎመን ዘር ከተበተኑ ደግሞ መመርመር አድካሚ ነው፣ ምክንያቱ ሦስት አራት ሊሆን ይችላል። ያንተ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለት ስብስብ አለህ፣ ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ጠበብ ያሉ ናቸው፣ በመሀላቸው ባዶ ወረቀት አለ። ሁለት ቦታ የሚመታ ጠመንጃ ላይ ሁለት ቦታ የሚቀመጥ ነገር አለ። ሥራህ ያንን ነገር መፈለግ ነው።

ከስኮፑ እንጀምር፣ ዋናው ተጠርጣሪዬ እሱ ነውና። የዚህ ጠመንጃ የላይኛው መቀመጫ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአጋዘን ጠመንጃህ ስኮፕ የሚታሰርባቸው ቀለበቶች ግን ለሰፊው መቀመጫ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በፎቶው እንዳየሁት መሀል ላይ አስማሚ ሃዲድ ጨምረሃል። አሁን ሊላቀቅ የሚችለው ቦታ ሦስት ሆነ፤ ሃዲዱ ከጠመንጃው ጋር፣ ቀለበቱ ከሃዲዱ ጋር፣ ስኮፑ ከቀለበቱ ጋር። «ይሄ እኮ .22 ነው፣ ርግጫ የለውም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ትከሻህ አይሰማውም። ግን ያ ስኮፕ ለትልቅ መሣሪያ የተሠራ ከባድ ዕቃ ነው፣ የተቀመጠው ደግሞ ለስላሳና ምናልባትም የፋብሪካ ዘይት ያለበት ብረት ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጥይት የፀጉር ያህል ይንሸራተታል፣ ሠላሳ ጥይት ላይ ሲደርስ ይታያል።

እንዲህ አድርግ። ቦልቱን አውጣ፣ የጥይቱ ጎሬ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ ስኮፑንም ሃዲዱንም አውርድ። መቀመጫውን አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁ ላይ ቡናማ ዘይት ካየህ አትገረም። መልሰህ ስትገጥም ብሎኖቹን በብሩጎላ እጅህ እስኪደክም አትጠምዝዝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ወይ ያላላል ወይ የስኮፑን ቱቦ ይጨፈልቃል። የቶርክ መፍቻ፣ ብሎኑን በስንት ጉልበት እንዳጠበቅክ በቁጥር የሚያሳየውን፣ ግዛ፣ ከሁለት ፓኮ ደህና ጥይት ብዙም አይበልጥም። የቀለበቶቹን የላይኛ ብሎኖች ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ አጥብቅ፣ የቀለበቱ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ያዝ። ግራና ቀኙን እያፈራረቅህ፣ በጥቂት በጥቂቱ።

ከዚያ የባለቤትህን የጥፍር ቀለም ተዋስ፣ አስፈቅደህ ነው ታዲያ። በቀጭኑ አንድ መስመር ከሃዲዱ ወደ ጠመንጃው ብረት አሻግረህ ቀባ። ሌላ ከቀለበቱ ወደ ሃዲዱ፣ ሌላ ከስኮፑ ወደ ቀለበቱ። በየብሎኑ ራስ ላይም ነጥብ። ሲደርቅ ተኩስ። ሠላሳ ጥይት በኋላ አጎንብሰህ እይ። መስመሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተዛነፈ ሌባው ተያዘ። ዋጋው ዜሮ ነው፣ እኔም ሱቅ ውስጥ እስከዛሬ የምሠራበት ነው።

መስመሮቹ ሁሉ እንዳሉ ሆነው አሁንም ሁለት ቦታ ከመታ ብረቱ ወደተቀመጠበት እንጨት ውረድ። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ከሥር አሉ። አዲስ ጠመንጃ ላይ እነዚህ መላላታቸው የተለመደ ነው፣ በተለይ እንጨት ከሆነ። እንጨት ይደርቃል፣ ይጨመቃል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የጠበቀው ብሎን እጅህ ሲገባ ላልቷል። እኔ ለእንጨት ከ20 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ እጀምራለሁ፣ የጠመንጃው መመሪያ ቁጥር ካለው ግን እሱ ይቀድማል።

እግረ መንገድህን አንድ ነገር ሞክር። ጠመንጃውን በሰደፉ አቁመው። የግራ እጅህን አመልካች ጣት እንጨቱ የሚያበቃበት ጫፍ ላይ አድርግ፣ ግማሹ እንጨቱን ግማሹ ባረሉን እንዲነካ። በቀኝህ የፊተኛውን ብሎን ቀስ ብለህ አላላ፣ መልሰህ አጥብቅ። ጣትህ ሥር ባረሉ ከእንጨቱ ሲርቅና ሲጠጋ ከተሰማህ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ተደላድሎ አልተቀመጠም፣ በብሎኑ ጉልበት እየታጠፈ ነው ያለው። ምንም ካልተሰማህ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ዶላር በባረሉና በእንጨቱ መሀል አስገብተህ ወደ ኋላ ጎትት። ሳይያዝ እስከ ብረቱ ድረስ መሄድ አለበት። ከተያዘ እዚያ ጋ ባረሉ እንጨት ይነካል፣ ባረሉ ሲሞቅ ደግሞ አነካኩ ይለወጣል። ያንተ ችግር ከሠላሳ ጥይት በኋላ መምጣቱን አትርሳ።

አሁን ስለ ስኮፑ ራሱ። ደህና ዕቃ መሆኑን አልክድም። ግን የአጋዘን ስኮፕ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ስኮፕ ከፋብሪካ የሚስተካከለው ለ100 ያርድ ነው፣ አንተ የምትተኩሰው 50 ላይ ነው። ጠመንጃውን የአሸዋ ከረጢቶቹ ላይ አስቀምጥ፣ እጅህን አንሳ፣ እና ጭንቅላትህን ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንቀሳቀስክ ተመልከት። ስኮፑ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ወረቀቱ ላይ ሲዋኝ ታየዋለህ። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ! 40 ሚሊ ሜትር የፊት መስታወት ያለው፣ ለ100 ያርድ የተስተካከለ ስኮፕ 50 ያርድ ላይ በዚህ ብቻ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊያስትህ ይችላል። ኦሎምፒክ ላይ በ50 ሜትር የጠመንጃ ዒላማ የ10 ቁጥሩ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ጉንጭህ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ከ10 ሊያስወጣህ ይችላል ማለት ነው። ሰው ሲደክመው ጉንጩን ዝቅ ያደርጋል። ሠላሳ ጥይት ተኩሰህ፣ አንገትህ ዝሎ፣ ሳታውቀው ሌላ ቦታ ተደግፈህ ሊሆን ይችላል። ርቀት የሚስተካከልበት ስኮፕ እስክታገኝ ድረስ ሰደፉ ላይ ፎጣ ጠቅልለህ እሰር፣ ጉንጭህ ሁሌም አንድ ቦታ እንዲያርፍ።

ጥይቱን መቀየርህ ነው ትንሽ ያናደደኝ። ለምን መሰለህ፣ ቸግሮህ ሳለ ሁለተኛ ችግር ጨመርክበት። የዒላማ .22 ጥይት እርሳሱ ብዙውን ጊዜ ራቁቱን ነው፣ ግራሶ ወይም ሰም የተቀባ፣ ቅባቱም እንደየአምራቹ ይለያያል። የመጀመሪያው ዓይነት ጥይት ቅባት ባረሉ ውስጥ እያለ ሁለተኛውን ዓይነት ስትተኩስ ለጊዜው መበታተኑ አይቀርም። ሃያ ሃያ አምስት ጥይት ሳታልፍ አዲሱ ጥይት ላይ አትፍረድ። አንተ ደግሞ የቀየርከው ወደ ፈጣኑ ነው። ሲሲአይ ከሚያመርታቸው ጥይቶች ስታንዳርዱ በሰከንድ 1,070 ጫማ ነው የሚወጣው፣ ፈጣኑ ሚኒማግ 1,235። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት 1,125 ጫማ ገደማ ይሄዳል። ፈጣኑ ጥይት ከድምፅ ቀድሞ ይወጣና 50 ያርድ አካባቢ ሲደርስ ከድምፅ ጋር ይተካከላል፣ እዚያ ድንበር ላይ ይንገጫገጫል። ለጥንቸል ጥሩ ነው፣ ለወረቀት አይሆንም። ለዒላማ ከድምፅ በታች የሚሄደውን ግዛ። ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ፣ ኪስህ ከፈቀደ ኢሌይ ወይም ላፑዋ። ፓኮው ላይ የሎት ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተመረተው ጥይት መለያ፣ ታትሟል። ጠመንጃህ አንዱን ሎት ከወደደው ተመልሰህ ሄደህ ከዚያው ቁጥር የቻልከውን ያህል ግዛ፣ የሚቀጥለው ሎት በስሙ አንድ ሆኖ በጠባዩ ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ስኮፑንም በየጥይቱ አታሳድደው። አብዛኛው ስኮፕ ማስተካከያው ሲዞር አንድ ቃ ባለ ቁጥር 50 ያርድ ላይ ምቱን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል። ስንት ጊዜ እንዳዞርከው አንተም አታውቅም። አምስት ጥይት ተኩስ፣ የአምስቱን መሀል ፈልግ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ አስተካክል። ነፋሱንም አስብ፣ እናንተ ጋ ነፋስ አይጠፋም። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ይህችን 2.6 ግራም እርሳስ በ50 ያርድ ውስጥ አንድ ኢንች ገደማ ይወስዳታል። ነጠላ ክር ከእንጨት ጫፍ ላይ አስረህ መንገዷ ላይ ትከል። ሜዳው ተኩስ አቁሞ ሰው ወደ ዒላማ ሲሄድ መሆን አለበት ታዲያ፣ ያኔ ጠመንጃህ ቦልቱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፣ አንተም አትነካውም።

ጓደኛህን አትቀየመው፣ እኔም የእሱን ያህል ነበርኩ። ከዓመታት በፊት አንድ ደህና .22 ነበረኝ። ልክ እንደ ያንተው ሁለት ቦታ መምታት ጀመረ። እንጨቱን አስተካከልኩ፣ አፈሙዙን በአዲስ ቆረጥኩ፣ ጥይት በየዓይነቱ ገዛሁ፣ በመጨረሻ አንጀቴ አረረና ስኮፑን አስቀርቼ ጠመንጃውን በርካሽ ሸጥኩት። ገዢው በሳምንቱ አምስት ጥይት አንድ ቀዳዳ ያስገባበትን ወረቀት ይዞ ሊያመሰግነኝ መጣ። ያስቀረሁትን ስኮፕ ሌላ ጠመንጃ ላይ ሰካሁት። ያም ሁለት ቦታ መምታት ጀመረ። ውስጡ መስቀሉን የሚይዘው ነገር ላልቶ ኖሯል። ስለዚህ ከላይ ያልኩህን ሁሉ አድርገህ ካልተስተካከለ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የምታምነውን ስኮፕ ከሰው ተውሰህ ለአንድ ቀን ግጠምበት።

ስለ ቼክ ሥራ ካነሳን፣ እኛ ብሬን የምንለው ቃል ግማሹ የመጣው ከዚያው አገር ነው። እንግሊዞች መትረየሱን ከቼኮች ወስደው ብርኖ ከምትባለው ከተማና ከራሳቸው ኤንፊልድ የመጀመሪያ ፊደሎቹን ቆርጠው ነው ብሬን ያሉት። ከዚያ ሰፈር የሚወጣ ባረል እኔ መጀመሪያ አልጠረጥርም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲህ ይሁን። ማታውኑ ባረሉን ከኋላ በኩል በሁለት ሦስት ደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ የፋብሪካው ዘይት ይውጣ፣ ከዚያ በላይ አትፈትገው፣ .22 የሚሞተው በጽዳት ብዛት ነው ይባላል፣ ትንሽ ማጋነን ቢኖርበትም። ጥይት አንድ ዓይነት ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ቤት ተወው፣ እጅህ እንዳይበላህ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ጥይቶች ከዒላማው ጀርባ ያለው የአፈር ክምር ላይ ተኩስና እርሳቸው። ከዚያ አራት ወረቀት፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ጥይት፣ በየመሀሉ አምስት ደቂቃ እረፍት። ስኮፑን አትንካ፣ መሀል ባይመታም ግድ የለህም፣ የምንፈልገው አንድ ቦታ መሰብሰቡን ነው። አሥር አሥር ያልኩህ በሦስት ጥይት ማንም ጀግና ስለሚሆን ነው። ከየወረቀቱ በኋላ የጥፍር ቀለሙን እይ። ስትጨርስ ከመብላትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ እርሳስ ነው።

ቃታውን ለጊዜው እንዳትነካ፣ አፈሙዙንም ማንም እንዳያስነካብህ። ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ስኮፕም ቀይረህ፣ አራቱም ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ከመታ ያኔ መልሰው፣ አብሬህ እፈርማለሁ። ወረቀቶቹን ግን አብረህ ላክ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የጥይቱን ሎት ቁጥርና የብሎኖቹን ቶርክ ጻፍባቸው። ጥገና ክፍል ያለው ሰው «አይመታም» የሚል ደብዳቤ በቀን ስንት እንደሚያነብ እኔ አውቃለሁ።