መልስ፦ ለዝናብ ውሃ ፈቃድ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?
ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪና እየፈታታሁ ዕቃውን እሸጣለሁ። ቆሻሻ ውሃ አልለቅም። ለዝናብ ፈቃድ የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?» ብለሃል። ዝናቡ የአንተ ባይሆንም ከግቢህ ይዞት የሚወጣው ዘይት የአንተ ነው። የመንገዱ የዝናብ ቦይ ደግሞ ብዙ ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። የንፁህ ውሃ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሻሻል የኢንዱስትሪ ግቢ ጎርፍን ያካተተው ለዚህ ነው። በ1990 የወጣው ደንብም የአሮጌ መኪና ግቢዎችን ለይቶ ይጠቅሳል።

ወረቀቱ አያስጨንቅህ፤ ዋናው ሥራ ግቢው ላይ ነው። መኪናው እንደገባ ዘይቱንና ነዳጁን አንጠፍጥፍ። ባትሪና ሞተር ጣራ ሥር ይቀመጥ። በፌዴራሉ ፈቃድ በየሦስት ወሩ፣ ጎርፉ መውጣት በጀመረ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ በጠራ ጠርሙስ ትቀዳለህ። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨውን ዘይት አይተህ ትመዘግባለህ። የክፍለ ግዛትህ ፈቃድ ሊለይ ስለሚችል እዚያው ጠይቅ።