ሚክሰር ሲመርጡ ስለ ማግስቱ ያስቡ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። መድረክ ላይ የሚቀርብን ሙዚቃ ለመቅዳት ዲጂታል ሚክሰር ይሻላል ወይስ አናሎግ? ሚክሰር የማይኮቹንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ ተቀብሎ የሚያመጣጥንና የሚያዋሕድ ዕቃ ነው። አናሎጉ ድምፁን በኤሌክትሪክ ሞገድነቱ ያሳልፈዋል፤ ዲጂታሉ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ብዙዎችን የሚነኩትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን የምንጫወት ባንድ ነን። መድረክ ላይ ስንጫወት መቀዳት እንፈልጋለን። ግማሾቻችን «የአናሎግ ድምፅ ይሞቃል» እንላለን። የቀረነው ዲጂታል ይገዛ ባዮች ነን። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ የተከራከራችሁበት ነገር ዋናው ጉዳይ አይመስለኝም። በቅድሚያ ይህን መልሱ። ዝግጅቱ ባለቀ ማግስት እጃችሁ ላይ ምን እንዲኖር ትፈልጋላችሁ? ግራና ቀኝ የሆነ ሁለት ትራክ (ለየብቻው የተቀዳ ድምፅ) ብቻ ወይስ የእያንዳንዱ ማይክ ድምፅ ለየብቻው?

ሁለት ትራክ ማለት ሳውንድማኑ በዚያች ሰዓት ድምፆቹን አዋሕዶ የሠራው ሚክስ ነው። ቤዙ ቢዋጥ፣ የአንዱ ማይክ ድምፅ ቢያይል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እያንዳንዱ ማይክ ለብቻው ከተቀዳ ግን በማግስቱ ተረጋግታችሁ እንደገና ሚክስ ታደርጋላችሁ።

ይህ በተለይ በትንሽ አዳራሽ ለሚጫወት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ድራሙ ያለ ማይክም ይሰማል። የጊታሩ አምፕሊፋየርም ራሱን ችሎ ይጮኻል። ስለዚህ ሳውንድማኑ እነሱን በሚክሰሩ በኩል ብዙም አያወጣቸውም፤ የሚያወጣው ድምፃዊውን ነው። ለታዳሚው ሁሉም ተመጣጥኖ ይሰማዋል። ቅጂው ግን የሚያውቀው በሚክሰሩ ያለፈውን ብቻ ነው። ቤት ገብታችሁ ስታዳምጡት ድምፃዊው ጆሮ ሥር ነው፣ ድራሙ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሚክሰሩን ይረግማል። ሚክሰሩ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ለእናንተ ዲጂታል እላለሁ። ምክንያቴ የድምፅ ጥራት ሳይሆን ትራኩ ነው። ለምሳሌ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገበያ ላይ የወጣው የቤሪንገር ኤክስ 32 በአንድ የዩኤስቢ ገመድ 32 ቻናል (የድምፅ መስመር) ወደ ላፕቶፕ ይልካል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ሚክሰሮችም ይህንኑ ይሠራሉ።

«ሙቀቱ» የምትሉት ነገር አለ፤ አልክድም። ግን በብዛት የሚሰማው አንዳንድ የቆዩ ትልልቅ ሚክሰሮች አቅማቸው ጫፍ ድረስ ሲገፉ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ትንንሽ አናሎጎች የተሠሩት ድምፁን ሳይነኩ እንዲያሳልፉ ነው። በመድረክ ቅጂ ላይ የማይኩ አቀማመጥ ከዚህ ሁሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ባለ 16 ቻናል አናሎግ ሚክሰር ገዛሁ። ላዩ ላይ ዩኤስቢ ይላል። ላፕቶፔ ግን ሁለት ቻናል ብቻ ነው የሚያየው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞዎት፣ አልተበላሸም። አናሎግ ሚክሰር ላይ ዩኤስቢ ተብሎ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን የግራና ቀኝ ሚክስ ብቻ ይልካል ማለት ነው። ሁሉንም ለየብቻ የሚልኩ አናሎጎችም አሉ። የሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 22 ኤምቲኬ ለምሳሌ 24 ቻናል ይልካል። ግን እነዚህ ጥቂት ናቸው። ሌሎች አንባቢዎችም ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያው ላይ «ስንት ቻናል ይወጣል፣ ስንት ይመለሳል» የሚለውን ፈልጉ። የቻናሉ ብዛት በሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ይህኛው ቁጥር ግን በትንሹ ነው።

እርስዎ ግን ሚክሰሩን መሸጥ አያስፈልግዎትም። ከቻናሎቹ በላይ ወይም ከጀርባ «ኢንሰርት» የሚል ቀዳዳ ካለ መንገድ አለዎት። ይህ ቀዳዳ ድምፁን አውጥቶ መልሶ የሚያስገባ ነው። በብዙ ሚክሰሮች መውጫው በጃኩ (በገመዱ መሰኪያ) ጫፍ፣ መመለሻው በመሃለኛው ቀለበት ነው። የጃኩ ጫፍና ቀለበት በብየዳ የተገናኙበት ገመድ ያሠሩ። ያኔ ድምፁ ወደ መቅጃው ይወጣል፣ ወደ ስፒከሩም መሄዱን አያቋርጥም። ገመዶቹን ስምንት የላይን መግቢያ ባለው ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ላፕቶፕ በሚያስገባ ዕቃ) ላይ ይሰኳቸው። ስምንት ትራክ አገኙ ማለት ነው።

ጃኩን እስከ ግማሽ ብቻ ሰክተው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ይሠራል፣ ግን አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ ሲነካው ይወጣል ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ የዘፋኙን ድምፅ ጭጭ ያሰኛል። እኔ አልመክርም።

ሚክሰርዎ «ዳይሬክት አውት» (የአንዱን ቻናል ድምፅ ለብቻው የሚያወጣ ቀዳዳ) ካለው ደግሞ ከፌደሩ (የቻናሉን ድምፅ ከፍ ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚወጣው የሚለውን ያጣሩ። ከፌደሩ በኋላ ከሆነ ሳውንድማኑ ፌደር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቅጂዎም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት በአናሎግ ስሠራ ቀዩ መብራት ብልጭ ቢልም ድምፁ ደህና ነበር። ዲጂታል ላይ ግን ቅጂዬ ይሰነጠቃል። ምን እየሆነ ነው?

መልስ፦ ሁለቱ በድምፅ መለኪያቸው ላይ «ዜሮ» የሚሉት ቦታ አንድ አይደለም። አናሎግ ላይ ዜሮ መደበኛው የሥራ ቦታ ነው። ጥሩ ሚክሰር ከዚያ በላይ ወደ 20 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) የሚጠጋ ክፍት ቦታ አለው። ዲጂታል ላይ ግን ዜሮ ጣሪያው ነው። ከሱ በላይ የሚጻፍ ቁጥር ስለሌለ የድምፁ ሞገድ አናቱ ይቆረጣል። ያ የሚሰነጠቅ ድምፅ እሱ ነው፤ በኋላ በሚክስ የማዳን ዕድልዎም ጠባብ ነው።

ስለዚህ አማካዩ ከዜሮ በታች 18 ዲቢ አካባቢ፣ ከፍተኛው ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲቢ ላይ እንዲቆም አድርገው ጌይኑን (ድምፁ ወደ ሚክሰሩ ሲገባ የሚያጎላውን ቁልፍ) ያስተካክሉ። «በጣም ቀነሰ» ብለው አይስጉ። ባለ 24 ቢት ቅጂ (ቢት ድምፁ የሚጻፍበት ቁጥር ርዝመት ነው) ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ በቀመር ደረጃ 144 ዲቢ የሚሆን ስፋት አለው። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በማግስቱ ከፍ ይላል። በሳውንድቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ሰዓት ማንም ሙሉ ጉልበቱን እንደማይሰጥም ያስታውሱ። ታዳሚ ሲመጣ ዘፋኙም ድራመሩም ይግላሉ። ለሱ ሌላ 6 ዲቢ ይተዉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ መቅጃው የሚሄደው ድምፅም ወደ ስፒከሩ የሚሄደውም በአንድ ጌይን ነው የሚያልፉት። መሃል ላይ ጌይን ከነኩ ቅጂውም፣ ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ሞኒተርም አብረው ይለወጣሉ። ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ እጅዎ ፌደር ላይ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ 32 ትራክ ለመቅዳት ምን ያህል ቦታ ያስፈልገኛል? ላፕቶፕ ይታመናል?

መልስ፦ ሒሳቡ ቀላል ነው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ፣ እና በ24 ቢት አንድ ትራክ በሰከንድ 144,000 ባይት ይወስዳል። 32 ትራክ ሲሆን በሰዓት ወደ 17 ጊጋባይት ይጠጋል። ለሁለት ሰዓት ተኩል ዝግጅት 42 ጊጋባይት ገደማ ነው። እጥፉን ባዶ ቦታ ያዘጋጁ።

ስለ መታመኑ ከራሴ ልንገርዎት። አንድ ምሽት ቅጂውን በገመድ በተያያዘ ዲስክ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ላፕቶፑን ያስቀመጥኩት ከትልቁ የቤዝ ስፒከር አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ገመዱ ቀስ በቀስ ላልቶ ወጣ። እኔ ዓይኔ ሚክሰሩ ላይ ነበር። ያወቅኩት ሁሉም ዕቃ ከተነሣ በኋላ ነው። ከምሽቱ ሁሉ ያማረው ሁለተኛው ክፍል አልተቀዳም። ዘፋኟ ስትጠይቀኝ የመለስኩላትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ቦታ ብቻ ቀድቼ አላውቅም። ብዙ ዲጂታል ሚክሰሮች ራሳቸው ፍላሽ ላይ ሁለት ትራክ ይቀዳሉ። የአለን ኤንድ ሂዝ ኩ 16 ደግሞ ያለ ላፕቶፕ 18 ትራክ በቀጥታ ዩኤስቢ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ዋናው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ቢሆንም ያን መጠባበቂያ ያብሩት። ላፕቶፑ ላይ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ እንቅልፍ እንዳይገባ ያድርጉት፣ ቻርጀሩ መሰካቱን በእጅዎ ይንኩ። የሚያስቀምጡትም ውስጡ ያለው ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ 96 ኪሎኸርዝ ወይስ 48?

መልስ፦ 48። ለመድረክ ቅጂ ይበቃል። 96 ዲስኩን እጥፍ ይበላል፤ አንዳንድ ሚክሰሮችም የሚሠሩት እስከ 48 ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አናሎግ ይረታል። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው ይሠራል። ዲጂታሉ እንደ ኮምፒውተር መነሣት አለበት፤ ያ ጊዜ ታዳሚ ፊት ረጅም ነው። ለሚክሰሩና ለስቴጅ ቦክሱ (የማይክ ገመዶች መድረክ ላይ ለሚሰኩበት ሳጥን) ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይግዙ። አምፕሊፋየር አይሰኩበት፣ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ወጣቶችን የድምፅ ሥራ አስተምራለሁ። አንድ ወዳጄ ባለ 32 ቻናል የቆየ አናሎግ ሚክሰር ሊሰጠኝ ነው። ልቀበል? ተማሪዎቼ መቅዳትም እንዲለምዱ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ለማስተማሪያ ከሆነ ደስ ብሎዎት ይቀበሉ። አናሎግ ላይ አንድ ቁልፍ አንድ ሥራ ነው ያለው። ድምፁ ከማይኩ ገብቶ እስኪወጣ የሚያልፍበትን መንገድ ተማሪው ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየተከተለ ያያል። ዲጂታል ላይ ያው መንገድ ስክሪን ውስጥ ተደብቋል። ሲረከቡት እያንዳንዱን ፌደር ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚንኮሻኮሽ ካለ ይለዩ። ፓወር ሳፕላዩንም አንድ ሰዓት አብርተው ይፈትሹት፤ በእርጅና ቶሎ የሚደክመው እሱ ነው።

ለቅጂ ግን በሱ አይድከሙ። 32 ቻናል ለማውጣት የሚያስፈልገው ገመድና ሳውንድ ካርድ ዋጋው ተደምሮ ከአንድ ትንሽ ዲጂታል ሚክሰር ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ባለ 16 ቻናል ዲጂታል ይፈልጉ። ሌላም ጥቅም ያገኙበታል። የተቀዳውን ትራክ ከላፕቶፑ መልሰው በየቻናሉ ማስገባት ይችላሉ። ባንዱ ቤቱ ገብቶ ተኝቶ ሳለ ተማሪዎ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያንኑ ምሽት ከመጀመሪያው ሚክስ ያደርገዋል። ሲሳሳት የሚያፍርበት ታዳሚ የለም። አሥር ጊዜ ቢደግመውም ድራመሩ አይደክመውም።