ጤና አዳም ጆሮ ውስጥ? ጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ከጆሮ መግል ባክቴሪያ ማሳደግ ሥራዬ ነው። ሐኪም ግን አይደለሁም፤ ያንን ያዙልኝ።

ወንድሜ፣ የልጄ ጆሮ ይመግላል። አማቴ ከሂርማታ ገበያ ጤና አዳም ገዝተው «ጨምቀን እናንጠብጥለት» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ጤና አዳሙን ቡናቸው ላይ አድርጊላቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ጆሮ ውስጥ ግን አይግባ። መግል ከወጣ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ያንጠባጠብሽው ሁሉ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ የቅጠሉን አፈርና ጀርም ይዞ። ፈሳሹን በተጠቀለለ ንጹህ ጨርቅ አድርቂለት፤ ሲታጠብ ውሃ አይግባበት፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ሥር ሰዷል፣ መስማትንም ይቀንሳል።

ታዲያ «ዕፅዋት የጆሮ ባክቴሪያ ይገድላሉ» የሚሉት ጥናቶች ውሸት ናቸው?

ኧረ አይደሉም! ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ኢታኖል ወይም ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ አልኮሉ ሲተን ጭማቂው ይቀራል። ባክቴሪያው ሳህን ውስጥ በአጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ) ላይ ይዘራል፤ ከላዩ ጭማቂ የነካ ክብ ወረቀት ይቀመጣል። ከሰራ፣ በማግስቱ ወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ቀለበት ታያላችሁ። ወረቀቱን ጨምሮ በማስመሪያ ይለካል። አንዴ አንድ ተማሪ «7 ሚሊ ሜትር አገኘሁ!» ብሎ ሲፈነጥዝ ነበር። ወረቀቱ ራሱ 6 ነው እኮ። አልኮሉ ብቻውን የነካው ወረቀትም ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ የገደለው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ለጭማቂው እምቢ የሚለው ባክቴሪያ የትኛው ነው?

ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ። ለረጅም ጊዜ በሚመግል ጆሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው እሱን ነው። ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው፤ አልፎ የገባበትንም ነገር መልሶ በፓምፕ ያስወጣል። ሌላው ባክቴሪያ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ያ ሽፋን ስለሌለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሸነፋል።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት አፍልቼስ?

ባክቴሪያ የሚገድለው አሊሲን የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቆስ ነው፤ የሚፈጥረውን ኢንዛይም ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። ሳትደቁስ ካፈላኸው የቀረህ ሽታው ነው። ጥሬው ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል።

ለጆሮ ደግፍስ?

እሱ ቫይረስ ነው፣ ሌላ ጉዳይ።

ሳህን ላይ ከሰራ ለምን ጠብታ አይሠሩትም?

ሳህን አይሰማም፤ ጆሮ ይሰማል። ጄንታሚሲን የሚባለው መድኃኒት ባክቴሪያ በደንብ ይገድላል፤ ግን ውስጠኛው ጆሮ ከደረሰ የመስሚያ ህዋሳትንም ሊገድል ይችላል። እነሱ ደግሞ ከሞቱ አይተኩም። ጭማቂው እነሱን እንደማይነካ ሳይረጋገጥ ማንም ጠብታ ብሎ ሊያሽገው አይገባም።